ወባ፣ ዲዲቲና የበሰበሰ ግንድ

በ1874 በአውሮፓ ሁለት ሰዎች በየፊናቸው ሁለት ሥራዎችን ጨረሱ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስትራስቡርግ ከተማ ውስጥ ኦትማር ሳይድለር የተባለ ወጣት ኦስትሪያዊ የኬሚስትሪ ተማሪ ክሎራልንና ክሎሮቤንዝንን በሰልፈሪክ አሲድ አዋሕዶ አንድ ነጭ ነገር አወጣ። አሠራሩን ጽፎ ወደ ሌላ ሥራው አለፈ፤ ምን እንደሚጠቅም አልመረመረም። በፕሩሲያ ኤበርስቫልደ በደን ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ሮበርት ሃርቲግ ደግሞ ስለ ዛፍ በሽታዎች መጽሐፍ አሳተመ። እስከዚያ ድረስ ብዙው ምሁር እንጨቱ በራሱ ይበሰብሳል፣ ፈንገሱም ከብስባሹ ይወጣል ብሎ ያምን ነበር። ሃርቲግ ነገሩን ገለበጠው። ቀድሞ የሚገባው ፈንገሱ ነው፤ ቀጫጭን ክሮቹን በእንጨቱ ሕዋሶች መካከል እየሰደደ የሚያበሰብሰውም እርሱ ነው።

የሳይድለር ዱቄት በኋላ ዲዲቲ የሚል ስም ወጣለት፤ ጎንደር አጠገብ ያለው የደምቢያ ሜዳም ደረሰ። የሃርቲግ ፈንገስ ዲዲቲን መሰባበር እንደሚችል የታወቀው ግን ከ111 ዓመታት በኋላ ነው።

በዚያው ዘመን ጎንደር አመድ ላይ ነበረች። ፋሲለደስ በ1636 የቆረቆሯትን ከተማ አፄ ቴዎድሮስ በ1866 ዘርፈው አቃጥለዋታል፤ በ1888 ደግሞ ደርቡሾች ከሱዳን መጥተው አብያተ ክርስቲያናቷን አነደዱ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። የቤተ መንግሥቶቹ ድንጋይና ኖራ እስከ ዛሬ ቆሟል። የወለላቸው፣ የጣሪያቸውና የበራቸው እንጨት ግን አብዛኛው በእሳት፣ በዝናብና በብስባሽ አልቋል። የጎንደር ጠራቢ ይህን ስለሚያውቅ ለቤተ ክርስቲያን ጽድና ወይራ ይመርጣል። የጽድ ግንድ መሐሉ ፈንገስ የማይወደው ቅባት አለው፤ ወይራም ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ውኃ በቀላሉ አይገባውም። ሁለቱም ቢሆኑ ብስባሹን የሚያዘገዩ እንጂ የሚያስቀሩ አይደሉም።

እንጨት ከሁለት ዋና ነገሮች የተሠራ ነው። አንዱ ሴሉሎስ የሚባለው ረጃጅሙ ክር ነው። ሌላው ሊግኒን ነው። ነገሩን በደጋው የጭቃ ቤት ማሰብ ይቻላል፤ ሴሉሎሱ ማገሩ ሲሆን ሊግኒኑ ምርጊቱ ነው። ዛፍ ሠላሳ ሜትር ወደ ሰማይ ሲወጣ የሚያጠነክረው፣ ውኃ እንዳያፈስስ፣ ነፍሳት በቀላሉ እንዳይበሉት የሚጠብቀው ሊግኒን ነው።

ሊግኒን የተገነባው ስድስት የካርቦን አተሞች ተያይዘው ከሚሠሩት ቀለበት ነው። ኬሚስቶች ይህን ቀለበት የያዙ ውሁዶችን አሮማቲክ ይሏቸዋል። ቀለበቱ ኤሌክትሮኖቹን ስድስቱ አተሞች በጋራ ስለሚይዟቸው እጅግ የጸና ነው፤ ለመስበር ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። እሳት ይሰብረዋል፣ ያውም ሙሉ በሙሉ ሳይሆን። የጎንደር እመቤት የጠላ ጋኗን በወይራ ስታጥን ጋኑ ውስጥ የሚቀረው መዓዛ አብዛኛው ከሊግኒን የተፈነቀሉ ቀለበቶች ሽታ ነው፤ ጓያኮልና ሲሪንጎል ይባላሉ። በነበልባል የተበታተነው ሊግኒን እንኳ ቀለበቱን እንደያዘ ከጢሱ ጋር ይወጣል ማለት ነው።

ታዲያ ፈንገስ ያለ እሳት እንዴት ይሰብረዋል? ሃርቲግ በ1878 ባሳተመው ሁለተኛ ሥራው የመጀመሪያውን ፍንጭ ሰጠ። ሁሉም ብስባሽ አንድ ዓይነት አለመሆኑን አስተዋለ። አንዳንዱ ፈንገስ እንጨቱን ቡናማና ፍርፍር አድርጎ ይተወዋል፤ ሴሉሎሱን በልቶ ሊግኒኑን አስቀርቷል። ሌላው ነጭና ጭረት ጭረት ያደርገዋል፤ ሊግኒኑንም በልቷል። ሁለተኛው ነጭ ብስባሽ ተባለ። በደጋው ደን ውስጥ የወደቀ ግንድ በመጥረቢያ ሲፈለጥ ሁለቱንም ማየት ይቻላል፤ አንዱ በእጅ ሲታሽ እንደ ቡና ዱቄት ይበናል፣ ሌላው እንደ ርጥብ ቃጫ ይላጣል።

በ1883 ጃፓናዊው ሂኮሮኩሮ ዮሺዳ ከአገሩ የቀለም ዛፍ ሙጫ ውስጥ ቀለበት ያላቸውን ውሁዶች በአየር የሚያጠቁር አንድ ኢንዛይም አገኘ። ኢንዛይሙ ላኬዝ ተባለ፤ ነጭ ብስባሽ የሚያመጡ ፈንገሶችም በብዛት እንደሚያመነጩት ቆይቶ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ጉዳዩ የደን ባለሙያዎችና የወረቀት ፋብሪካዎች ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

የሳይድለር ዱቄት ግን ተኝቶ አልቀረም። በ1939 በባዝል ከተማ ጋይጊ በሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ስዊዘርላንዳዊ ፓውል ሙለር ዱቄቱ ነፍሳትን እንደሚገድል ደረሰበት። ዝንብ ዱቄቱ የተነሰነሰበት ግድግዳ ላይ ካረፈች በቂ ነበር፤ መብላት አልነበረባትም። ግድግዳው ከወራት በኋላም መግደሉን አላቆመም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የተባበሩት ጦር ኔፕልስ ከተማ ውስጥ ታይፈስን በዲዲቲ አቆመ። ሙለር በ1948 የኖቤል ሽልማትን በሕክምና ዘርፍ ተቀበለ።

ጎንደር በኅዳር 1941 ከጣሊያን እጅ ወጣች። ጄኔራል ናዚ እጁን የሰጠባት ከተማ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻዋ የጣሊያን ምሽግ ነበረች። ከነጻነት በኋላ የቀረው ጠላት ከከተማዋ በስተደቡብ ምዕራብ ከጣና ዳር የሚነሣው ወባ ነበር።

ደምቢያ ጥቁር አፈር ያለው፣ ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅል ሰፊ ሜዳ ነው። መገጭ ወንዝ ከጎንደር ወርዶ በመሐሉ ያልፍና ጣና ይገባል። ክረምቱ ሲወጣ ውኃው ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ትንኝም በዚያ ትፈለፈላለች። የደጋ ሰው ከጥንት ጀምሮ ቆላ ወርዶ ማደርን ይፈራ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ደምቢያ ግን ሙሉ ቆላ አይደለም፤ ወባው በየዓመቱ እኩል አይመጣም። ይህ ደግሞ አደጋውን ያብሳል፤ በሽታው ለዓመታት ከራቀ በኋላ ሲመጣ ሰውነቱ ያልለመደ ሕዝብ ያገኛል።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሆነው ይኸው ነው። በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ተመዝግቧል። መኸሩ ደርሶ አጫጅ የታጣበት ጊዜ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት ተባብረው በ1954 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሕዝብ ጤና ኮሌጅን የከፈቱት ጎንደር ላይ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። ተማሪዎቹ ለመስክ ሥራ ከሚወርዱባቸው ቦታዎች አንዱ የደምቢያ ዋና ከተማ ቆላ ድባ ነበረች። በአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የወባ መቆጣጠሪያ ሙከራዎች ከተደረጉባቸው አካባቢዎችም ደምቢያ አንዱ ሆነ።

መሣሪያው ዲዲቲ ነበር። ረጪዎቹ ፓምፕ ተሸክመው ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ቤተሰቡ ጨርቁን፣ እህሉንና ዕቃውን ያወጣል፤ ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ በግድግዳውና በጣሪያው ሣር ላይ ይረጫል። የዓለም ጤና ድርጅት መጠን በአንድ ካሬ ሜትር እስከ ሁለት ግራም ነው። ሴቷ ትንኝ ደም ጠጥታ ግድግዳው ላይ ስታርፍ ትሞታለች። አንዱ እንቅፋት የቤት አያያዝ ነበር፤ ባለቤቲቱ ለበዓል ግድግዳዋን በጭቃና በእበት ስትለቀልቀው ዲዲቲው ከሥር ይቀበራል። እንዲህም ሆኖ ዲዲቲ ሕይወት አድኗል። ይህን መካድ ለሞቱት አለማዘን ነው።

በ1958 ወባ ደጋውን ሁሉ መታው። ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባሉ ቦታዎች ሦስት ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ወረርሽኙን ያጠኑት ፎንቴይን፣ ናጃርና ፕሪንስ ገምተዋል። በተከታዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ዲዲቲ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ገጠር ግድግዳ ላይ ኖረ።

የዱቄቱ ጥንካሬ ከየት መጣ? ዲዲቲ ሁለት አሮማቲክ ቀለበቶች አሉት፤ በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ አንድ ክሎሪን ተሰክቷል፤ ቀለበቶቹን የሚያገናኘው ካርቦን ደግሞ ሦስት ክሎሪኖች ያሉትን ሌላ ካርቦን ይዟል። ባክቴሪያ የሚበላውን ነገር የሚያውቀው በቅርጹ ነው፤ እያንዳንዱ ኢንዛይሙ ለአንድ ቅርጽ የተበጀ ነው። ክሎሪን የተሰካበት ቀለበት በተፈጥሮ ብዙም ስለማይገኝ ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች አይነኩትም። ስለዚህ አፈር ውስጥ የገባ ዲዲቲ ግማሹ እስኪጠፋ ብቻ ከሁለት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ዲዲኢ የሚባለው ውላጁ ከራሱም ይልቅ ይቆያል። ሁለቱም ውኃ ውስጥ አይሟሙም፤ ስብ ውስጥ ግን ይሟሟሉ፤ ከሣር ወደ ላም፣ ከላም ወደ ወተት ይሻገራሉ። የተረጨ ጭቃ ቤት ሲፈርስ አፈሩ ወደ ጓሮ ይመለሳል፤ ጓሮው ላይ ጎመን ይተከላል።

ሬቸል ካርሰን በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ የዲዲቲን ጉዳት ለዓለም አሰማች። አሜሪካ በ1972 ለእርሻ እንዳይውል ከለከለች። ኢትዮጵያ ወባ እየገደላት ስለነበር ምርጫዋ እንደ አሜሪካ ቀላል አልነበረም።

በዚህ ጊዜ የሃርቲግ ጥያቄ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ማዲሰን ከተማ ውስጥ በሚገኘው የአሜሪካ የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ ተነሣ። ኬንት ከርክና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ ራዲዮአክቲቭ ካርቦን ያለበትን ሊግኒን ሠርተው ለፈንገስ አቀረቡ። ሊግኒኑ በእርግጥ ከተበላ ራዲዮአክቲቩ ካርቦን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ይወጣል። ወጣም። የመረጡት ፈንገስ ፋኔሮኬት ክሪሶስፖሪየም የሚባል፣ እንጨት ላይ እንደ ስስ ነጭ ልባስ የሚለጠፍ ነው።

ያገኙት ነገር አስገራሚ ነበር። ፈንገሱ ሊግኒንን የሚሰብረው ስለጠገበ ሳይሆን ስለተራበ ነው። ናይትሮጅን ሲያልቅበት ማደጉን ያቆምና ሊግኒን ወደ መሰባበር ይዞራል። ከሊግኒኑ ራሱ የሚያገኘው ጉልበት የለም ማለት ይቻላል፤ የሚኖረው በሴሉሎሱ ስኳር ነው። ምርጊቱን የሚያፈርሰው ማገሩ ጋ ለመድረስ ነው።

እንዴት እንደሚያፈርሰው በ1983 ታወቀ። ሚንግ ቲየንና ከርክ በማዲሰን፣ የማይክል ጎልድ ቡድን ደግሞ በኦሬጎን በአንድ ዓመት ውስጥ ሊግኒን ፐርኦክሲዴዝ የሚባለውን ኢንዛይም አገኙ። ኢንዛይሙ በመሐሉ እንደ ደማችን ሄሞግሎቢን ብረት የያዘ ሄም አለው። ፈንገሱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያመነጫል፤ ፐርኦክሳይዱ ከኢንዛይሙ ሁለት ኤሌክትሮኖች ይወስዳል። ኢንዛይሙም የጎደለበትን ለመሙላት በአቅራቢያው ካገኘው ቀለበት አንድ ኤሌክትሮን ይነጥቃል። ኤሌክትሮን የተነጠቀ ቀለበት መረጋጋት አይችልም፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ያያያዙት ትስስሮች በራሳቸው ጊዜ ይበጣጠሳሉ። በቀጣዩ ዓመት በማንጋኒዝ የሚሠራ ሁለተኛ ኢንዛይም ተገኘ።

ይህ አሠራር ከባክቴሪያው ፈጽሞ ይለያል። ሊግኒን ቅርጹ አይደገምም፤ ቀለበቶቹ በየአቅጣጫው፣ በየዓይነቱ ትስስር ተያይዘዋል። ለአንድ ቅርጽ ብቻ የተበጀ ኢንዛይም ሊግኒን ላይ ከንቱ ነው። በዚያ ላይ ሊግኒኑ ከፈንገሱ ክር ውስጥ ሊገባ አይችልም፤ እጅግ ትልቅ ነው። ስለዚህ ፈንገሱ ኢንዛይሞቹን ወደ ውጭ ይለቅቃል፤ ኤሌክትሮን የሚነጥቁ ትናንሽ ሞለኪውሎችንም ወደ እንጨቱ ይልካል። ቅርጽ አይጠይቁም፤ ያገኙትን ይመታሉ።

ቅርጽ የማይጠይቅ ከሆነስ፣ ሰው የሠራውን ቀለበት አይመታም ወይ? ይህን ጥያቄ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጆን ባምፐስ፣ ሚንግ ቲየን፣ ዴቪድ ራይትና ስቲቨን ኦስት ጠየቁ። በ1985 መልሱን ሳይንስ በተባለው መጽሔት አወጡ። ዲዲቲን፣ ዳዮክሲንን፣ ሊንዴንን፣ ክሎሪን ያለበትን ባይፌኒልና ከጢስ የሚመጣውን ቤንዞፓይሪን ለፋኔሮኬት አቀረቡ። ከሁሉም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጣ። ከዲዲቲው ወደ ጋዝ የተለወጠው በመጀመሪያው ወር ጥቂት በመቶ ብቻ ነበር። ነገር ግን ቀለበቱ ተሰብሯል።

በዚያ ዓመት የሰሜን ጎንደር ሕዝብ የሚያስበው ስለ ረኃብ ነበር። የተሰደደው ወደ ሱዳን ይጎርፍ ነበር፤ በጎንደር የተጀመረው የሕክምና ትምህርት ቤት ሐኪሞችም እጃቸው ሞልቶ ነበር። የሚሺጋኑ ዜና ጎንደር ይድረስ የሚል ሰው ሊኖር አይችልም ነበር።

ሳይንስም በአንድ ጽሑፍ አላበቃም። በ1988 ሌላ ቡድን ንጹሕ ሊግኒን ፐርኦክሲዴዝ ብቻውን ከዲዲቲ ጋር ሲቀመጥ ምንም እንደማያደርገው አሳየ። ፈንገሱ ዲዲቲን ይሰብራል፤ ታዋቂው ኢንዛይሙ ግን ለዚህ ሥራ ተጠያቂ አልነበረም። ተመራማሪዎች ወደ ፈንገሱ ክር ውስጥ መመልከት ጀመሩ። በ2004 የፋኔሮኬት ሙሉ የዘር መረጃ ሲታተም 150 ያህል ሳይቶክሮም ፒ450 የሚባሉ ኢንዛይሞች ጂኖች ተገኙበት፤ በጉበታችን ውስጥ መድኃኒትና መርዝ የሚያፈራርሱት የእነዚሁ ዘመዶች ናቸው። የዛሬው መረዳት እንግዲህ ሥራው የብዙዎች መሆኑን ያሳያል፤ ውጭ ያሉት ኢንዛይሞች አንዱን መርዝ፣ ውስጥ ያሉት ሌላውን ይይዛሉ፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሳል።

ከቤተ ሙከራ ውጭ የተገኘው ውጤትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ1990 ላማርና ዲትሪክ በዊስኮንሲን የእንጨት መጠበቂያ መርዝ የፈሰሰበትን መሬት በፋኔሮኬት ዝርያዎች አከሙ። ፔንታክሎሮፌኖል የተባለው መርዝ በስድስት ሳምንት ተኩል ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ሁሉም ግን አልጠፋም፤ ከፊሉ ሌላ ውሁድ ሆነ፣ ከፊሉም ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ፈንገሱ ምግብ ይፈልጋል፤ የእንጨት ፍርፋሪ ወይም ገለባ ካልተቀላቀለለት አፈር ውስጥ አይቆይም። የአፈሩ ባክቴሪያዎችም ይሻሙታል። በርሜል ሙሉ ዲዲቲ ላይ ሻጋታ ዘርቶ መጠበቅ ሞኝነት ነው፤ ብክለቱ ሳስቶ በሰፊ አፈር ላይ ሲዘረጋ ግን ከፈንገስ የተሻለ ርካሽ ሠራተኛ ማግኘት ከባድ ነው።

በርሜሎቹ ደግሞ ነበሩ። በኢትዮጵያ ለአንበጣ፣ ለተምችና ለወባ ተብሎ ለአሥርት ዓመታት የገባው ፀረ ተባይ ጊዜው አልፎበት በመላ አገሪቱ በተበታተኑ መጋዘኖች ተከማችቶ ነበር፤ ዲዲቲ፣ ሊንዴንና ዲየልድሪን ነበሩበት። አንዳንዱ በርሜል ዝጎ መርዙ መሬት ገብቷል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በመራው ሥራ 1,500 ቶን ያህል ታሽጎ ወደ ፊንላንድ ተጓዘ፤ እዚያም ከ1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚበልጥ ሙቀት ተቃጠለ። ለበርሜሉ ትክክለኛው መንገድ ይህ ነበር። የመጋዘኑ አፈር ግን መርከብ ላይ አልተጫነም።

2004 የብዙ ነገር ዓመት ሆነ። የፈንገሱ የዘር መረጃ በታተመበት ዓመት ዲዲቲንና መሰሎቹን የሚገድበው የስቶክሆልም ስምምነት ሥራ ላይ ዋለ። ኢትዮጵያ አስቀድማ አጽድቃዋለች፤ ለወባ መርጨት ግን ስምምነቱ ይፈቅድ ነበር። የጎንደሩ የጤና ኮሌጅም በዚሁ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ዲዲቲን ከኢትዮጵያ ግድግዳ ያወረደው በመጨረሻ ሕግ ሳይሆን ትንኟ ራሷ ናት። አኖፌለስ አረቢየንሲስ ዱቄቱን ለመደችው፤ ከ2009 ጀምሮ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ወደ ዴልታሜትሪን፣ ቀጥሎም ወደ ሌሎች መድኃኒቶች ዞረ። ቅሪቱ ግን አልወረደም። በ2013 የታተመ ጥናት በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች የእናት ጡት ወተትንና የላም ወተትን መርምሮ በሁለቱም ውስጥ ዲዲቲ አገኘ። የጣና ዙሪያም ለዚያን ያህል ዘመን ሲረጭ የኖረ አገር ነው።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2012፣ ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን የ31 ፈንገሶችን የዘር መረጃ አነጻጽሮ ሊግኒን የሚሰብሩት ፐርኦክሲዴዞች መቼ እንደተነሡ ገመተ፤ ከ290 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ። ያ ጊዜ የዓለም ትልቁ የድንጋይ ከሰል ክምችት ዘመን ወደሚያበቃበት ይቀርባል። ተመራማሪዎቹ ሁለቱ ሳይገናኙ አይቀሩም የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ሌሎች ምክንያቱ የአየር ንብረትና የምድር እንቅስቃሴ ነው ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ እንዴትም ያብቃ፣ አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ሰው በ1874 ለመጀመሪያ ጊዜ ከሠራው ዱቄት ጋር የተፋለመው መሣሪያ ከዳይኖሰሮች በፊት የነበረ ነው።

ይህ መሣሪያ ዛሬ በጎንደር አካባቢ በብዛት የሚገኘው የት ነው ቢባል፣ የወደቀ ግንድ በቦታው በሚበሰብስበት ሁሉ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ ጥቂት ነው። ደጋው ታርሷል፤ የቀረው ደን አንዱ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ያለው የውጫና ደን ነው፤ ሌላው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው ነው። ዶክተር አለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 የእንጨት ዕፅዋት ዝርያዎች መዝግቧል። ይህ ቁጥር ዛፉንና ቁጥቋጦውን ብቻ የሚመለከት ነው። በእያንዳንዱ ግንድ ላይ የሚኖሩት ፈንገሶች ገና በዚያ ዓይነት ትጋት መመዝገብ ይገባቸዋል። ሕዝቡ ክረምት ላይ ብቅ የሚለውን የጅብ ጥላ ብሎ ያልፈዋል፤ የሚበላውን እንጉዳይም ልጆች ለይተው ይለቅማሉ። ግንዱ ላይ እንደ መደርደሪያ የሚወጣውን ደረቅ ፈንገስ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም፤ ነጭ ብስባሽ ከሚያመጡት ብዙዎቹ ግን እነዚህ ናቸው።

የአገሩን ፈንገስ መፈለግ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፋኔሮኬት ወደ 40 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይወዳል፤ የተገኘውም ከሚግል የእንጨት ፍርፋሪ ክምር ነው። ሌሊት ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት፣ እንደ ደባርቅ ባለ ደጋ እርሱን ዘርቶ ውጤት መጠበቅ አይቻልም። ቀዝቃዛውን አየር የለመደ፣ ጽድንና ውጫናን የሚሰብር ፈንገስ ግን እዚያው ደን ውስጥ ይኖራል። ሌላው አማራጭ በአገሪቱ ከተሞች በገለባና በጥጥ ፍሬ ልጣጭ ላይ የሚመረተው ኦይስተር እንጉዳይ ነው፤ እርሱም ነጭ ብስባሽ ነው፤ በብዙ አገሮች የዘይትና የማቅለሚያ ብክለትን እንደሚሰብር ታይቷል። እንጉዳዩ ከተለቀመ በኋላ የሚጣለው ገለባ በክሮቹ እንደተሞላ ነው፤ ከተበከለ አፈር ጋር የሚቀላቀለው ያ ነው። በተበከለ አፈር ላይ የበቀለ እንጉዳይ ግን መበላት የለበትም፤ ከባድ ብረትና ሌላም መርዝ ሊሰበስብ ይችላል።

ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከአባቶች ፈቃድ ወስዶ ከወደቀ ግንድ ላይ ናሙና ማንሣት፣ በሳህን ላይ ማብቀል፣ ላኬዝና ፐርኦክሲዴዝ ማመንጨቱን በቀለም መፈተን፣ ከዚያም ከደምቢያ አሮጌ መጋዘንና ከፈረሰ ቤት ቦታ አፈር አምጥቶ በብርሙዝ ውስጥ ከገለባ ጋር ማዋሐድና ከወራት በኋላ ዲዲቲውንም ዲዲኢውንም መለካት ነው። ዲዲቲ ቀንሶ ዲዲኢ ከጨመረ ሥራው አልተሳካም፤ ሁለቱም መቀነስ አለባቸው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተወለደው ከደምቢያ ወባ ነው። የዚያ ዘመቻ ቅሪት የሆነውን አፈር ማጽዳትም የእርሱ ድርሻ ቢሆን ተገቢ ነው። የባዮቴክኖሎጂና የባዮሎጂ መምህራን፣ ለመመረቂያ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ ደኑን የምትጠብቁ አባቶች፣ በዚህ ክረምት የሚወድቀውን ግንድ ለማገዶ ከመቆረጡ በፊት ተመልከቱት።